የቪትዟን 15 ቸርኬ ለምን አወረድኩት?

ረዘም ይላልና ቡና ያለው ቡናውን ይዞ ያንብብ።

ባለፈው ሳምንት የቪትዟን ፎቶ ስለጥፍ ሦስት አራት ጓደኞቼ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ያ የሚያምረው 15 ቸርኬ የት ሄደ? ሸጥከው እንዴ?» ብላችሁ ጠየቃችሁኝ። አልሸጥኩትም። ቤት ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ባለቤቴም በየቀኑ «ይሄ ነገር መቼ ነው የሚነሳልኝ?» እያለችኝ ነው። አውርጄው ነው። ለምን እንዳወረድኩት መናገር ደግሞ ግዴታ አለብኝ። የዛሬ ስድስት ወር ገደማ ሳስገባው እዚሁ ገጼ ላይ ፎቶውን ለጥፌ «ቪትዝ ላይ 15 ምንም ችግር የለውም፣ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚፈራው» ብዬ ጽፌ ነበር። ያንን አይተው ሁለት የሥራ ባልደረቦቼና አንድ የቀድሞ ተማሪዬ እንደኔ አስገብተዋል። ስሕተቱ እኔ ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ዝም ብዬ አልፈው ነበር።

ካራን የምታውቁ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት፦ ከመገናኛ ተነስታችሁ ላምበረትን፣ ኮተቤን አልፋችሁ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። አስፋልቱ ላይ እስካላችሁ ድረስ ሰላም ነው። ወደ ተራራው በኩል ስትታጠፉ ግን ኮብልስቶን ይጀምራል፣ ኮብልስቶኑ ሲያልቅ አፈር፣ ከዛ በላይ ባህር ዛፉ ነው። እኛ ቤት ያለው ኮብልስቶኑ አልቆ አፈሩ የሚጀምርበት ጋ ነው። ክረምት ሲገባ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ መሃል መንገዱን ቦይ ያደርገዋል፤ ድንጋዩን እየነቀለ ያስቀምጠዋል። ከዛ በኋላ እስከ በጋ ድረስ መኪና ያለው ሰው በሙሉ እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው።

የእኔዋ ቪትዝ የመጀመሪያዎቹ ናት። ቶዮታ ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 መሸጥ የጀመራት፣ አውሮፓ ላይ ያሪስ የምትባለው ዓይነት። ሞተሯ አንድ ሺህ ሲሲ ገደማ ነው። ጃፓኖቹ የሠሯት ለከተማ አስፋልት እንጂ ለካራ ዳገት አይደለም። ብቻዬን ስሆን እንደምንም ትወጣለች። ሰው ከጫነች ግን ትወርድና ድንጋዩ ሆዷን ይፍቃታል። ስለዚህ ባለቤቴ ልጃችንን አዝላ ዳገቱ ሥር ትወርድና በእግሯ ትከተለኝ ነበር። እኔ መኪና ውስጥ፣ እነሱ በእግር። ጎረቤት እያየ! አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ ስወርድ የዘይት ኮፓዋ ድንጋይ መታ። ዘይት አልፈሰሰም፣ ግን ወደ ውስጥ ገብቷል። ያን ቀን ወሰንኩ፤ ይቺ መኪና ከፍ ማለት አለባት።

«ለምን ሌላ መኪና አትገዛም?» የሚል አይጠፋም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን ውድ አደረገው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። እዚህ አገር ያለችው ቪትዝ ዋጋዋ ባረጀች ቁጥር የሚጨምርበት ምክንያት ይሄ ነው። በዲፕሎማ ተቀጥሮ ሒሳብ ለሚያስተምር ሰው መኪና መቀየር ህልም ነው። ያለችውን ማስተካከል ነው ያለው።

በዛን ሰሞን እቁብ ወጣልኝ። አንድ ወዳጄ ያገለገለ ባለ 15 አሎይ ቸርኬ ከነጎማው አገኘልኝ። አራት ቀዳዳ ነው፣ የቪትዝም አራት ቀዳዳ ነው። የብሎኑ ርቀትም ያው 100 ሚሊሜትር። «ይገባል?» አልኩ። «ይገባል» ተባልኩ። እውነት ነው፣ ገባ። 14 ነበር፣ 15 ሆነ፤ አንድ ኢንች ብቻ ነው፣ ምን ያመጣል አልኩ። የክበብ ዙሪያ ለ9ኛ ክፍል የማስተምር ሰው ሜትር እንኳን አላወጣሁም። ይሄን አስምሩበት፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስታ ነበር። መኪናዋ ቆማ ስትታይ ራሱ ሌላ ሆነች። ዳገቱን ሆዷ ሳይነካ ወጣሁ፤ ባለቤቴም መኪና ውስጥ ሆና። ፎቶውን የለጠፍኩት ያኔ ነው። ላይኩን አታንሱት።

ከዛ ድምፅ መጣ። ከግቢ ስወጣ መሪውን እስከ ጥግ ስጠመዝዝ «ሽርርር» የሚል። ኋላ ሰው ስጭንና ጉድጓድ ስገባ ደግሞ «ጭርር» የሚል ሌላ ድምፅ። ዳገት ላይ ጉልበቷ ቀነሰ፣ ሁለተኛ የምወጣውን በአንደኛ መውጣት ጀመርኩ። ሰማንያ ስነዳ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ነዳጅም የጨመረ መሰለኝ። ለእያንዳንዱ ምክንያት ሰጠሁት። ድምፁን «ፕላስቲኩ ነው»፣ ጉልበቷን «ፊልትሮ ነው»፣ መንቀጥቀጡን «ባላንስ ነው» አልኩ። ሰው ባወጣው ገንዘብ ላይ መፍረድ ይከብደዋል።

አንድ ጎረቤቴ «ሞላው ላይ ጎማ አስገባበትና አስነሳት፣ ድምፁ ይጠፋል» አለኝ። አስነሳኋት። የኋላው ድምፅ በእርግጥ ጠፋ። የፊቱ ግን መሪ እስከ ጥግ ስጠመዝዝ አሁንም አለ። ለመድኩት። መሪ እስከ ጥግ አለመጠምዘዝን ተማርኩ። ከሁሉም የባሰው ስሕተቴ ይሄ ነው። መኪናዋ እየነገረችኝ እኔ ላለመስማት ዘዴ ፈጠርኩ።

ባለፈው ጥር ሸኖ ለቅሶ ነበረብን። እናቴ ከፊት፣ ባለቤቴና ሁለት አክስቶቼ ከኋላ፣ ልጃችንን ጎረቤት ጋ አስቀምጠን ሄድን። ስንሄድ ሰላም ነበር። ስንመለስ ሰንዳፋ ልንደርስ ስንል፣ ኩርባ ላይ፣ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። እናቴ «ልጄ፣ ምን ይሸታል?» አለች። «የመንገዱ ነው እማዬ» አልኳት። ትንሽ ቆይቶ ከፊት ግራ በኩል «ጡብ፣ ጡብ፣ ጡብ» የሚል ነገር ጀመረ፣ መሪውም ይመታኝ ጀመር። ዳር ያዝኩ።

ወርጄ ጎማውን ከውጭ አየሁት። ምንም የለውም፤ አዲስ ነው የሚመስለው። ልነሳ ስል ከኋላዬ አንድ የሲኖ ሹፌር ቆመ። ወርዶ ምንም ሳይጠይቀኝ እጁን ከጎማው ጀርባ አስገብቶ ዳበሰውና «ና ዳብሰው» አለኝ። ዳበስኩት። በውስጠኛው ጎኑ ዙሪያውን በሙሉ በቢላ የተቆረጠ የሚመስል መስመር አለ። አንድ ቦታ ላይ ክሩ ወጥቶ እጄን ወጋኝ፤ እዛው ጋ የእንቁላል ያህል አብጧል። ሹፌሩ አክስቶቼን አየና፣ ነጠላቸውን አየና፣ ቀስ ብሎ እንዲህ አለኝ፦ «ወንድሜ፣ ይሄ ትንሽ ቢቆይ ለቅሶ የምትደርሱ ሳይሆን ለቅሶ የሚደረስላችሁ ትሆኑ ነበር።»

እስኮርታዬ የድሮዋ 14 ናት። ፊት ላስገባት ስል ሹፌሩ ከለከለኝ። ኃይል የሚሄደው ወደ ፊት ጎማ ስለሆነ ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ማርሹን ትጎዳዋለህ አለኝ። የኋላውን 15 ወደ ፊት አምጥተን 14ቷን ከኋላ አደረግናት። በአርባ እየነዳሁ ካራ ገባሁ። እናቴ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችም። ቤት ስንደርስ ብቻ «እግዚአብሔር ይመስገን በል» አለችኝ። የምትቆጣ እናት ስትቀዘቅዝ እንዴት እንደሚያስፈራ ታውቃላችሁ።

በነጋታው ኮተቤ መንገድ ዳር ካሉት ጎሚስታዎች ወደ አንዱ ሄድኩ። ክሪክ የሚያስገባው ወጣት ቀና ብሎ አየኝና «ቲቸር!» አለ። እኔ አላወቅኩትም። ስሙን ሲነግረኝም ወዲያው አልመጣልኝም። 9ኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ፣ 10ኛን ሳይጨርስ ነው የወጣው። ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቀኝ ልጁ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ልጁ ጎማውን ፈታውና ገልብጦ አሳየኝ። ከዛ ባዶውን ቦታ በባትሪ አበራልኝና «ቲቸር፣ ይመልከቱ» አለኝ። ሞላው የሚቀመጥበት ሳህን፣ አሞርዛተሩ ላይ ያለው፣ ጠርዙ ተፈግፍጎ ብር መስሏል። ጎማው ሲታሰር በእሱና በጎማው መካከል የጣት ውፍረት እንኳን አልነበረም። ቆማ ስትታይ አይነካም። አምስት ሰው ተጭኖ ኩርባ ላይ ሲሆን ግን ጎማው ወደ ጎን ይለጠጥና ይነካዋል። እኔ ደግሞ ኮብልስቶኑ እንዳያንገጫግጨኝ ብዬ ንፋስ ቀንሼ ነበር፤ ንፋስ ሲቀንስ መለጠጡ ይብሳል።

«ግን እኮ አስነስቻታለሁ» አልኩት።

«ያስነሱት ቦዲዋን ነው ቲቸር። አሞርዛተሩና ጎማው አንድ ላይ የታሰሩ ናቸው፣ አብረው ነው የሚወርዱት፣ አብረው ነው የሚወጡት። መቶ ሜትር ቢያስነሷት በእነሱ መሃል ያለው ክፍተት አይጨምርም።»

ከዛ «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» አለና ጠመኔ አመጣ። ጠመኔ! ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብሎ መጻፍ ጀመረ። እኔ ቆሜ፣ እሱ እየጻፈ።

መጀመሪያ 175/65 አር14 ብሎ ጻፈ። የድሮው ጎማዬ ነው። 175 የጎማው ወርድ ነው፣ በሚሊሜትር። 65 ማለት የጎማው ጎን ከፍታ የወርዱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ 114 ሚሊሜትር ገደማ። ጎኑ ከላይም ከታችም ስላለ በሁለት ይባዛል። 14ቱ ደግሞ የቸርኬው ኢንች ነው፣ በ25.4 ሲባዛ 355.6። ሲደመር የጎማው ጠቅላላ ቁመት 583 ሚሊሜትር።

ከዛ የአዲሱን ጻፈ፣ 185/65 አር15። በዚያው መንገድ ሲሠራ 621.5 ሚሊሜትር። ልዩነቱ 38 ሚሊሜትር ገደማ። «እርስዎ አንድ ኢንች መስሎዎት ነበር» አለኝ። አንድ ኢንች 25.4 ነው። ቀሪው የመጣው ከጎማው ነው። ወርዱ ሲጨምር 65 በመቶውም አብሮ ጨመረ።

ከ38ቱ ግማሹ፣ 19 ሚሊሜትር፣ መኪናዋን ከመሬት ከፍ አደረጋት። የተደሰትኩበት እሱ ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ ወደ ላይ፣ ወደ ሞላው ሳህን ሄደ። ክበብ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አያድግማ። ይሄንን ለስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ስዬዋለሁ።

ቀጠለ። የድሮው ጎማ አንዴ ሲዞር 1.83 ሜትር ይሄዳል፣ አዲሱ 1.95። የመኪናዋ ቆጣሪ ግን ዙር ነው የሚቆጥረው፣ ጎማው መቀየሩን አያውቅም። 60 ሲያሳየኝ የምሄደው 64 ነበር። 100 ኪሎ ሜትር ስሄድ 94 ገደማ ነበር የሚጽፍልኝ። ነዳጅ በላች ያልኩትም በከፊል የቆጣሪው ውሸት ነው። ጉልበቷ የቀነሰውም ለዚህ ነው። ጎማው ሲተልቅ እያንዳንዱ ማርሽ እንደ ረዘመ ይቆጠራል። አየሩ ስስ በሆነበት ተራራ ላይ፣ በአንድ ሺህ ሲሲ፣ ስድስት በመቶ ቀላል አይደለም።

የመሪው ድምፅ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው። ልጁ የሁለቱን ቸርኬዎች ጀርባ ገልብጦ የተቀረጸውን አሳየኝ። የድሮው ላይ ወርዱ 5.5፣ ኢቲ 45። አዲሱ ላይ 6.5፣ ኢቲ 38። ኢቲ ማለት መኪናው ላይ የሚለጠፈው ገጽ ከቸርኬው ወርድ መሃል ስንት ሚሊሜትር ወደ ውጭ እንደራቀ ነው። ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ጎማው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሲያንስ ወደ ውጭ ይወጣል። ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ ስታሰሏቸው አዲሱ ቸርኬ ወደ ውጭ 20 ሚሊሜትር ገደማ፣ ወደ ውስጥ ደግሞ 6 ሚሊሜትር ገደማ ጨምሯል። ወደ ውጭ የወጣው፣ ሰው ሲጫን የኋላ ፓራፋንጎውን ከንፈር ነካ። ከፊት ደግሞ ትልቅና ሰፊ ጎማ ሲዞር በሁለቱም በኩል ሰፋ ያለ ቦታ ይጠርጋል፤ መሪ እስከ ጥግ ሲጠመዘዝ የውስጡን ፕላስቲክና ሻንሲውን የነካው ለዚህ ነው።

መንቀጥቀጡስ? የቪትዝ መሃለኛ ክብ 54.1 ሚሊሜትር ነው። የእኔ አዲሱ ቸርኬ ቀዳዳ 67.1 ነበር። ለብዙ ዓይነት መኪና እንዲሆን ተብሎ ሰፍቶ ነው የሚሠራው። መሃሉ ላይ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት መግባት ነበረበት፤ የእኔ ላይ አልነበረም። ስለዚህ ቸርኬው ትክክል መሃል ላይ መቀመጡ ለዳዶዎቹ ዕድል የተተወ ነበር።

ሲጨርስ ቆሜ ሲሚንቶውን አየሁት። በመቶኛ፣ ማባዛት፣ ክበብ፣ አሃድ መቀየር። ቅደም ተከተሉ ንጹሕ ነው። እኔ ፈተና ላይ የማርምለት ቢሆን ሙሉ ነጥብ ነበር የምሰጠው። ፈተና ላይ ስል ትዝ አለኝ።

ልጁ ሦስተኛው ረድፍ መስኮት ጋ ነበር የሚቀመጠው። አንድ ቀን የፈተና ወረቀት ስመልስ ከ20 ሦስት አግኝቶ፣ ወረቀቱን ክፍሉ ፊት ከፍ አድርጌ «አንተ በዚህ ሒሳብ የት ልትደርስ ነው?» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። የጠየቅኩት ጥያቄ እንኳን አልነበረም፣ መልስ አልጠበቅኩም። ወረቀቱን ሰጥቼው ወደ ቀጣዩ ሄድኩ።

«ያን ቀን ታስታውሳለህ?» አልኩት። የትኛውን ቀን እንደሆነ አልነገርኩትም።

«አስታውሳለሁ ቲቸር» አለኝ፣ ጠመኔውን ሱሪው ላይ እየጠረገ። «ያኔ 65 በመቶ ሲሉኝ የምኑ እንደሆነ አይገባኝም ነበር። እዚህ ግን የጎማ ነው።»

ቂም የለውም። ቂም ቢኖረው ይቀለኝ ነበር። የሠራበትን እንዳልከፍለው ለመነኝ፣ እምቢ ብዬ ከፈልኩ። ይቅርታ ጠየቅኩት። «ተውት ቲቸር» አለ። ግን እኔ ያልኩት ክፍል ፊት ስለነበር ይቅርታውም ሰው ፊት መሆን አለበት። ከዛ ክፍል ብዙዎቻችሁ እዚህ አላችሁ፣ የሳቃችሁም አላችሁ። ስለዚህ እነሆ፦ ተሳስቼ ነበር። ሦስቱ ነጥብ የእሱ ብቻ አልነበረም። አሥራ ሰባቱን ያጎደልኩት እኔም ነኝ፤ ቁጥሩን የምን እንደሆነ ሳልነግረው ነው የጠየቅኩት።

አሁን ወደ ጎማው። ቸርኬ መቀየር ሐጢአት አይደለም። እኔን አይታችሁ ያስገባችሁትም ተረጋጉ፤ ግን ዛሬውኑ ይሄን አድርጉ።

አንደኛ፣ ጠቅላላ ቁመቱን አስሉ። ወርድ በመቶኛው ሲባዛ፣ በሁለት ሲባዛ፣ ሲደመር ኢንቹ በ25.4 ሲባዛ። ከድሮው ከሦስት በመቶ በላይ ከበለጠ ተጠንቀቁ። የእኔ ስድስት ተኩል በመቶ ገደማ ነበር። ለቪትዝ 15 የሚሆን ጎማ የለም ማለት አይደለም፣ 185/55 አር15 አለ፤ ቁመቱ 584.5 ነው፣ ከድሮው ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ግን ልብ በሉ፤ እሱን ብታስገቡ መኪናችሁ ከመሬት አንድ ሚሊሜትር እንኳን ከፍ አትልም! ከፍ የሚያደርገው የጎማው የውጭ ቁመት እንጂ የቸርኬው ትልቅነት አይደለም። ጎኑም ቀጭን ስለሆነ የኮብልስቶን ጉድጓድ ሲመታው ቸርኬው ይጎዳል። ለውበት ከሆነ ጥሩ ነው፤ ለካራ ዳገት ከሆነ አይጠቅምም።

ሁለተኛ፣ የቸርኬውን ጀርባ አንብቡ። ወርዱና ኢቲው እዛ ላይ ተቀርጿል። ከመግዛታችሁ በፊት፣ ከድሮው ጋር አስተያዩ።

ሦስተኛ፣ የመሃል ቀዳዳውን ለኩ፣ ክፍተት ካለ ትክክለኛ ቀለበት አስገቡ። ዳዶውም የአዲሱ ቸርኬ መቀመጫ ላይ በትክክል የሚቀመጥ መሆን አለበት። ሾጣጣ መቀመጫ ሾጣጣ ዳዶ ይፈልጋል።

አራተኛ፣ ጎማውን ፈታችሁ የውስጡን ጎን በእጃችሁ ዳብሱ። ከውጭ አይታችሁ አትመኑ። የሚያብረቀርቅ ቀለበት ወይም መስመር ካለ እየነካ ነው። ክር ከታየ ወይም ካበጠ ደግሞ አይጠገንም፣ ይጣላል።

አምስተኛ፣ ይሄ የልጁ ዘዴ ነው፣ እኔ ወድጄዋለሁ፤ ጠመኔ ተጠቀሙ። የጎማውን ትከሻና ሁለቱንም ጎኖች በነጭ ጠመኔ በደንብ ቀቡት። አምስት ሰው ጫኑ። ባዶ መኪና ላይ የተደረገ ሙከራ ሙከራ አይደለም። ቀስ ብላችሁ መሪውን በግራም በቀኝም እስከ ጥግ እየጠመዘዛችሁ ንዱ፣ ወደ ኋላም ንዱ፣ ከዛ አንዱን ጎማ ብቻ ጉብታ ላይ አውጡ። ወርዳችሁ በባትሪ እዩ። ጠመኔው የነካው ቦታ ላይ ነጭ ምልክት ይተዋል። ፕላስቲክ ላይ ከሆነ አደጋው ቀላል ነው፣ መጠጋገን ይቻላል። ብረት ላይ ከሆነ ግን ቸርኬው ወይም ጎማው ለመኪናዋ አይሆንም ማለት ነው።

ስድስተኛ፣ ድምፅን በማስነሳት አታፍኑት። ሞላ ላይ የሚገባው ጎማ የፓራፋንጎውን ንክኪ ሊያስቀር ይችላል፣ የውስጡን ግን አይነካውም። ከመጠን ካለፈ ደግሞ ከማርሹ ወደ ጎማው ኃይል የሚያመጣው ዘንግ ያለ ቅጡ ያጋድልና መገጣጠሚያውን ቶሎ ይበላል። ንፋሱንም በሹፌሩ በር በኩል የተለጠፈው ወረቀት ላይ ባለው ልክ አድርጉ። ጽሑፉ ጃፓንኛ ቢሆንም ቁጥሩ ቁጥር ነው።

እኔ ምን አደረግኩ? ወደ ድሮው 14 ቸርኬዬ ተመለስኩ። ከልጁ ጋር ቁጭ ብለን አስልተን 175/70 አር14 ጎማ መረጥን። ቁመቱ 600.6 ነው፣ ከድሮው ሦስት በመቶ ብቻ ይበልጣል፤ መኪናዋን ዘጠኝ ሚሊሜትር ገደማ ከፍ ያደርጋታል። ጎኑ ወፍራም ስለሆነ ኮብልስቶኑን ይችለዋል። ኢቲው ያው የራሷ ነው። ከሞላው ላይ ያስገባሁትንም አስወጣሁት። ለዘይት ኮፓዋ ደግሞ ከሥር የብረት መከላከያ አሠራሁላት። ጠመኔውን ቀብተን አምስት ሆነን ፈተናት፤ ባለቤቴ፣ ልጁ፣ ሁለት የሥራ ጓደኞቹና እኔ። መሪ እስከ ጥግ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ። በባትሪ አየን፣ የትም ቦታ ነጭ ነገር የለም።

ዘጠኝ ሚሊሜትር ብዙ አይደለም። ጎርፉ በቦረቦረው ቦታ ላይ ባለቤቴ አሁንም ወርዳ በእግሯ ትከተለኛለች። እውነቱን ልንገራችሁ ብዬ ነው። መኪናዋ የቻለችው ይሄንን ነው፤ ቀሪው የመንገዱ ጉዳይ ነው። ግን ሰው ስጭን አሁን አልፈራም፣ መሪውንም እስከ ጥግ እጠመዝዛለሁ።

ያንን የተቆረጠ ጎማ አልጣልኩትም። ባለፈው ሰኞ እያንከባለልኩ 9ኛ ክፍል ይዤው ገባሁ። ክፍሉ ተንጫጫ። ሲባጎ ሰጥቼ ዙሪያውን እንዲለኩ፣ ከዛ ጎኑ ላይ ከተጻፈው ቁጥር አስልተው ከለኩት ጋር እንዲያስተያዩ አደረግኩ። ከኋላ የምትቀመጥ፣ ከመስከረም ጀምሮ እጇን አንስታ የማታውቅ ልጅ ተነስታ «ቲቸር፣ 65ቱ የምኑ ነው?» አለችኝ።

ጎማውን አዞርኩላትና እጇን ጎኑ ላይ አስያዝኳት።

እነዚያ ያስገባችሁት ሦስታችሁ፦ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። ክሪክም ጠመኔም አለኝ። ቡና ይፈላል፣ ኑና አብረን እንዳብሰው።